ሻይ በሚስት ቋንቋ

እናትና አባቴ ሊፋቱ በተቃረቡበት ሰሞን ጆሮዬን አመመኝ። ሁለቱ ነገሮች የሚገናኙ አልመሰለኝም ነበር። ሐኪሙ፣ ማለቴ የጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ያለው መስኮት፣ ወደ ቀኝ ጆሮዬ ብርሃን ሰደደና ቆስሏል አለኝ። እስኪደርቅ ድረስ አጥሪ እንዳታደርጊ።

"በግራው ላድርገው?"

"ግራውም ጀምሮታል" አለኝ።

ድሬዳዋ ውስጥ ያለ አጥሪ መውጣት ራቁት ከመውጣት ብዙም አይሻልም። አጥሪ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ነገር ናት፣ ጆሮ ውስጥ ትቀመጣለች። ሰው በምንም ቋንቋ ቢያናግርሽ፣ በተናጋሪው በራሱ ድምፅ፣ አንቺ ባስመዘገብሽው ቋንቋ አጥርታ ታሰማሻለች። ለአንድ ሰው አንድ የጆሮ ቋንቋ ነው የሚፈቀደው። እናቴ ሂቦ ሶማሊኛ አስመዘገበች፣ አባቴ ሙሜ ኦሮምኛ። በመሃል የተወለድኩት እኔ ነጅማ፣ አንዱን መርጬ አንዱን ከማስቀይም ብዬ አማርኛ አልኩ፤ ሁለቱም ተቀየሙኝ።

በሩ፣ ማራገቢያው፣ ምድጃው፣ ሾፌር የሌለው ባጃጅ፣ ሁሉም የሚያውቁን በአጥሪያችን ነው። ያወለቀ ሰው የገዛ ማራገቢያው ፊቱን ያዞርበታል፤ በድሬ ሙቀት ደግሞ ከማራገቢያ ጋር የሚኳረፍ የለም። ከሁሉ በላይ ሕጉ አለ። ያለ አጥሪ የተባለ ነገር እንዳልተባለ ይቆጠራል፣ ስድብም ይሁን ቃል ኪዳን። መጀመሪያ ሰሞን አንዳንዶች አጥሪያቸውን እያወለቁ አማቶቻቸውን ይሰድቡ ነበር ይባላል። ኋላ እሱም ሰለቸ፣ ሰው ሁሉ አድርጎት ተኝቶ አድርጎት ይነሳ ጀመር።

የወላጆቼ ጠብ የመጣው በኒም ዛፍ ነው። ገንደ ቆሬ ያለው ግቢያችን ውስጥ የእናቴ እናት የተከለችው ኒም ነበር። ድሬን የሚያውቅ ሰው የኒም ጥላን ያውቃል፤ ከቀትር በኋላ ኑሮ የሚባለው ነገር እዚያ ሥር ነው። እናቴ ምንጣፏን ታነጥፋለች፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ የሰፈሩ ወሬ ተበጥሮ ተነፍቶ ይወጣል። የሂቦን ጆሮ ሳያልፍ የተጋባም የተፋታም ሰው የለም። አምና ክረምት እሷ እህቷን ልትጠይቅ ጅግጅጋ በሄደችበት አባቴ ዛፉን አስቆረጠው። ጣሪያው ላይ ያለውን የፀሐይ ሰሌዳ አጥልቶበት ነው። ሰሌዳው ማራገቢያውን እንዲያዞር፣ ማራገቢያው ደግሞ እናቴን እንዲያቀዘቅዝ አስቦ፣ እናቴ የምትቀዘቅዝበትን ዛፍ ቆረጠ። ከዚህ የበለጠ የወንድ ሐሳብ ሰምቼ አላውቅም።

እናቴ ስትመለስ ጉቶውን አየች። ሻንጣዋን እላዩ ላይ አስቀመጠችና ገብታ በሯን ዘጋች። ከዚያ ጠበቀች። ወራት አለፉ፣ የጠበቀችው ሳይመጣ ቀረ፣ እሷም ፍቺ ጠየቀች። ፍቺ ማለት ደግሞ ግንብ ማለት ነው፤ ከተማው ቤቱን ለሁለት ይከፍልና ግንበኛውን ማሽን ይልካል። የአርባ ዓመት ትዳር ነው። እኔ ታይዋን ገበያ ድሪያ የምሸጥ፣ ራሴን የቻልኩ፣ ሠላሳ አምስትን ያለፍኩ ሴት ነኝ፤ ግንቡን ግን እንደ ሕፃን እፈራዋለሁ።

እንግዲህ ከጤና ጣቢያው እንዲህ ባዶ ጆሮዬን ወጣሁ። ጥግ ላይ ፓፓያ የምትሸጠው ፈቲያ አየችኝ።

"ነጅማ፣ ካሌ፣ ፓፓያው ሚያዋ ነው ወላሂ፣ ትናንት እንዳየሽው መሰለሽ እንዴ፣ ይሄ ባዬ ጋሪዳ።"

ቆምኩ። ነይ ያለችኝ በሶማሊኛ፣ ጣፋጭና በጣም ጥሩ ነው ያለችኝ በኦሮምኛ፣ የቀረው በአማርኛ፤ በአንድ ትንፋሽ ስንት አገር ረገጠች? እኔ ከዚህች ሴት ለዓመታት የሰማሁት "ውድ ደንበኛችን፣ ፓፓያው እጅግ ጣፋጭ ነው" የሚል ነበር። ልቅም ያለ አማርኛ። በሆዴ ምን ነክቷት ነው እንደ ማስታወቂያ የምታወራው እያልኩ እታዘባት ነበር። እሷም እኔን እንደዚያው ስትታዘበኝ ኖራለች።

እስከ ቤቴ ድረስ የሰማሁት ሁሉ እንዲህ ነበር። ወጣቶች በሶማሊኛ ጀምረው በአማርኛ ይጨርሳሉ፣ አንዲት ሴት ባሏን በኦሮምኛ ረግማ ልጇን በአደርኛ ታባብላለች፣ ሽማግሌዎች ቁጥር ላይ ሲደርሱ ዓረብኛ ይገባሉ። ማንም መቀላቀል አልተወም። አንድ ቀን እንኳ አልተወም። የጠራው አፋችን ሳይሆን ጆሯችን ነው። በርጫ ላይ ቀልድ ሞተ፣ ጨዋታ ጠፋ፣ የዛሬ ሰው ጨው የለውም ስንባባል የኖርነው ጨውን ከወጡ ለቅመን እያወጣን ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሱቅ ከመክፈቴ በፊት ወላጆቼ ቤት ሄድኩ። በሩ አላወቀኝም፣ እንደ ጥንቱ በቡጢ ደበደብኩት። የከፈተልኝ አባቴ ነው። የሻይ ፔርሙሱን ይዞ ጉቶው ላይ ሄዶ ተቀመጠ። ከዛፉ የቀረው ጥቅም ይሄ ብቻ ስለሆነ ይመስለኛል፣ ጠዋት ጠዋት የሚቀመጠው እዚያ ነው። ወደ እናቴ መስኮት ዞሮ በኦሮምኛም በአማርኛም እያደረገ የውሃው ሰውዬ መጥቶ እንደነበር ነገራት። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ። ድምፁ ዝቅ አለ።

"ሂቦ። ካሌ፣ ሻህ ዐብ።"

ነይ፣ ሻይ ጠጪ ማለት ነው። በሶማሊኛ። መስኮቱ አልተከፈተም። እኔ ግን መቀመጫ ፈልጌ ተቀመጥኩ።

ይሄ ለማያውቅ ሰው ምንም ነው። እኛ ቤት ጠብ በራስ ቋንቋ ነበር። አባቴ ሲናደድ ኦሮምኛው ውስጥ ይገባል፣ እናቴም ሶማሊኛዋ ውስጥ ገብታ ትቀረቅራለች። አማርኛ ለመብራት ሒሳብ፣ ለእንግዳና ለእኔ ትምህርት ነበር። ሁለቱም የሌላውን ቋንቋ አሳምረው ይሰማሉ፤ ሲጣሉ ግን በራሳቸው በኩል ይቀመጣሉ። እርቅ ሲመጣ ታዲያ አንዱ ይሻገራል። የበደለው ሰው በተበደለው ቋንቋ ተራ ነገር ይናገራል፦ ሻይ ቀርቧል፣ ጫማህ ፀሐይ ላይ ነው፣ ነፋስ መጣ ግቢ። የተበደለው ደግሞ ይቅር ካለ በበዳዩ ቋንቋ ይመልሳል። ስድብም ቢሆን ይቆጠራል። እኛ የሰፈሩ ልጆች ይህን "ደቻቱን መሻገር" እንለው ነበር፣ ከዚራንና መጋላን በሚለየው በደረቁ ወንዝ ስም። ሰፈሩ ሁሉ እንዲህ ነበር የሚታረቀው። ይቅርታ የሚለውን ቃል ከትምህርት ቤት ነው የተማርኩት፤ ቤታችን ውስጥ ማንም ሲጠቀምበት አላየሁም።

እናቴ ጆሮ ውስጥ ግን አባቴ ዓመቱን ሙሉ ሶማሊኛ ነው የሚናገረው። የውሃው ሰውዬም በሶማሊኛ፣ ሻይ ጠጪም በሶማሊኛ፣ ያውም እንከን የሌለው የዜና ሶማሊኛ። ሰውዬው ይሻገራል፣ አጥሪዋ ድሮውንም ማዶ አስቀምጣዋለች።

"አባ፣ ይሄን ከመቼ ጀምሮ ነው የምትላት?" አልኩት።

"ምኑን?"

"ካሌውን።"

"ጉቶውን ካየች ጀምሮ። በየቀኑ።" ሻዩን ቀዳልኝ። "ልቧ ድንጋይ ሆነ እንጂ እኔስ ብያለሁ።"

"አልሰማችህም እኮ።"

"እንዴት አልሰማችም? አጥሪዋን አድርጋለች፣ ሁሉንም በሶማሊኛ ነው የምትሰማው።"

"እሱ ነው እኮ ችግሩ።"

"እኔ የተናገርኩት በሶማሊኛ። እሷ የሰማችው በሶማሊኛ። ታዲያ ምን ጎደለ?"

ሒሳቡ ልክ ነበር። ልክ መሆኑ ነው ያበሳጨኝ።

"በቃ እንግዲያው በግልጽ ይቅርታ በላት" አልኩ።

መንገድ ላይ ወጥተህ ጨፍር ያልኩት ነው የመሰለው። "በማሽን? አጥሪው ይመዘግበዋል እኮ። የልጅ ልጆቼ ከፍተው ሙሜ ሲለማመጥ ይስሙት?" አለ።

የልጅ ልጅ የለውም። እኔ ብቻ ነኝ ያለሁት፣ እኔም ድሪያ ስሸጥ ነው የምውለው። ትቼው ወደ እናቴ ክፍል ገባሁ። ማራገቢያዋ ሥር ተቀምጣ ጎረቤቶቿን በመስኮት እየሰለለች ነበር፤ ምንጣፍና ጥላ ካጣች ወዲህ ወሬ የምትሰበስበው በዚህ ነው።

"ሆዮ፣ ነገ ጠዋት አጥሪሽን አውልቂና አባን ስሚው።"

"ለምን?"

"ካሌ ነው የሚልሽ።"

"አውቃለሁ። ነይ፣ ሻይ ጠጪ ይላል። ዛፌን ቆርጦ ነይ ሻይ ጠጪ። እዚያው ዛፌ ላይ ተቀምጦ።"

"በሶማሊኛ ነው እኮ የሚልሽ።"

"ሁሉም ሰው በሶማሊኛ ነው የሚያናግረኝ ነጅማ። ባጃጁም ሳይቀር።"

"በራሱ አፍ ነው የምልሽ፣ በገዛ..."

ቀና ብላ አየችኝ። "እሱ ነው የላከሽ?"

"አይደለም፣ ወላሂ።"

"አንቺን ከመላክ ራሱ ቢሻገር ምን ነበረበት? አርባ ዓመት ሙሉ ስንጣላ ሁልጊዜ መንገዱን ያውቀው ነበር። ዘንድሮ ጠፋበት።" ዓይኗ እርጥብ ሆነ፣ ወዲያው ደግሞ ተቆጣች። "ደግሞ ይሄን ነገር ካወለቅኩት ማራገቢያው ይቆማል። ሂጂ፣ ሱቅሽን ክፈቺ።"

ሄድኩ፣ ሱቄን ግን አልከፈትኩም። ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አልፎ ሂያጁ ሁሉ በተቀላቀለ ቋንቋ አጽናናኝ፣ እሱ ደግሞ የባሰ አስለቀሰኝ።

የፍቺው ቀን ከዚራ ወዳለው የስምምነት አዳራሽ ሄድን። ሰው የማይስማማበት ቦታ ስለሆነ ነው መሰለኝ ስሙን እንዲህ ያሉት። ፊት ለፊት ያለው ማሽን ሽማግሌ ይባላል። ደስ እንዲል ብለው ነጭ ጋቢ አልብሰውታል። ከላዩ ግድግዳው ላይ "በአንድ ጊዜ አንድ ቋንቋ" የሚል በትልቁ ተጽፏል። ከጎኑ አቶ ልዑልሰገድ የሚባል ከረባት ያሰረ ኃላፊ ቆሟል። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ነው፣ ደረቱ ላይ "የንግግር ጥራት ክፍል" ይላል። ወላጆቼ ጎን ለጎን በተቀመጡ ሁለት ወንበሮች ላይ ተቀመጡ፣ እኔ ከኋላቸው። ኃላፊው አፉን ከፈተ።

"ኦኬ፣ ቤዚካሊ ፕሮሰሱ ሲምፕል ነው። ሁለታችሁም ላስት ወርድ ትሰጣላችሁ፣ ከዛ ሲስተሙ ኦቶማቲካሊ ዲሳይድ ያደርጋል። ዝም ካላችሁ እንደ የስ ነው የሚወስደው። ሶ፣ ክሊር ነው አይደል?"

እናቴ በአክብሮት ራሷን ነቀነቀች። አባቴም ነቀነቀ። እሱ የሚሰማው የአባ ገዳ ምርቃት የሚመስል ኦሮምኛ እንደሆነ ከፊቱ ያስታውቃል። እኔ ግድግዳውን አነበብኩ፣ ሰውየውን አየሁ፣ የደረቱን ጽሑፍ ደግሜ አነበብኩ። ከዚያ ሳቅ አመለጠኝ። አስቤበት ነበር ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ አላሰብኩበትም። አፌን በሻሼ ብይዘው በአፍንጫዬ ወጣ።

እናቴ ዞረች። "ምን ያስቅሻል? አታፍሪም?"

"ሰውየው የሚናገረውን ብትሰሚ።"

"እየሰማሁት ነው። ጨዋ ሰው ነው፣ ሶማሊኛው የሼክ ነው።"

"ሆዮ፣ አይደለም። ምን እንደሚል አታውቂም።"

እናቴን ሁልጊዜ የሚያሸንፋት ነገር እዚህም አሸነፋት። በዓለም ላይ የማትችለው አንድ ነገር ቢኖር ሌላ ሰው የሰማውን ሳትሰማ መቅረት ነው። እኔን አየች፣ ኃላፊውን አየች፣ ጣቷን ጆሮዋ ውስጥ ከትታ አጥሪዋን አወጣች።

"ኖ ኖ፣ ማዘር፣ ፕሊስ" አለ አቶ ልዑልሰገድ። "ዲቫይሱን ካወለቁት እኮ ሪኮርድ አይሆንም። አይ ሚን፣ ሌጋሊ ምንም እንዳላሉ ነው የሚቆጠረው።"

እናቴ አፏን ከፍታ ቀረች። "ይሄ ነው ሼኩ?" አለችና ፈነዳች። ወንበሯን ይዛ፣ ወደ ፊት ተደፍታ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ዛፉ ከተቆረጠ ወዲህ ይህን ሳቅ ማናችንም አልሰማነውም ነበር። አባቴ አንገቱን አዙሮ አያት። ቀስ ብሎ የራሱን አጥሪ አወጣና ኪሱ ከተተው። መዳፎቹን ጉልበቱ ላይ አሻሸ። ላቡ የመጣው ከሙቀት አይደለም፤ አዳራሹ ቀዝቃዛ ነው።

"ሂቦ" አለ። "ካሌ፣ ሻህ ዐብ።"

አዳራሹ ውስጥ ሻይ የለም። ሳቋ ቆመ። የመጨረሻዋ ቃል ከጉሮሮ ሥር የምትመጣ ናት፣ አባቴ በአርባ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ደርሶባት አያውቅም፤ ሁልጊዜ በመንገድ ላይ ትሰበርበታለች። አሁንም ተሰበረች። እናቴ ያችን የተሰበረች ቃል ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደሰማች ስታስታውስ ፊቷ ላይ አየሁት።

"አመልካች፣ የመጨረሻ ቃልዎን ይስጡ" አለ ጋቢ የለበሰው ማሽን።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለች እናቴ። የጠየቀችው ማሽኑን አልነበረም።

"ከጉቶው ጀምሮ። በየጠዋቱ" አለ አባቴ።

"በየጠዋቱ?"

"ፔርሙሱን ይዤ። ነጅማን ጠይቂያት።"

"የአመልካች ዝምታ ተመዝግቧል" አለ ማሽኑ። "ተጠሪ፣ የመጨረሻ ቃልዎን ይስጡ።"

እናቴ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጠፈች። ስትናገር ድምፅዋ ቁጡ ነበር። የተናገረችው ግን በኦሮምኛ ነው።

"ሙከ ኮ ፊዲ።"

ዛፌን አምጣ ማለት ነው። አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ከኋላ ሆኜ የወንበሩን ጀርባ ያዝኩ፣ እሷ ተሻግራለች።

"ከየት አባቴ ላምጣው?" አለ በአማርኛ፣ እንባው እየወረደ።

"ከቆረጥክበት።"

"ከቆረጥኩበትማ ጉቶው ነው ያለው።"

"እንግዲያው ትከላለህ። እስኪያድግ ደግሞ ጃንጥላ ትይዝልኛለህ።" ይህን በሶማሊኛ ጀምራ በኦሮምኛ ነው የጨረሰችው፣ ጃንጥላው አማርኛ ሆኖ መሃል ላይ ቀረ። እሱም የጃንጥላውን ዓይነት ይጠይቃት ጀመር። ሁለቱም እየጮሁ ነበር።

"የተጠሪ ዝምታ ተመዝግቧል" አለ ማሽኑ። "ዝምታ ስምምነት ነው። ፍቺው ጸድቋል። ሰላም ለቤታችሁ።"

አቶ ልዑልሰገድ ወደ ማሽኑ ሮጠ። "ዌይት፣ ዌይት፣ ካንስል አድርገው" አለው። ማሽኑ የሚሰማው የጠራውን ብቻ ነው፣ ጋቢውን እንደለበሰ መብራቱ ጠፋ። ኃላፊው ላቡን እየጠረገ ተመለሰ። "ሪሊ ሶሪ። ሲስተሙ ክሎዝ አድርጎታል። ግን ይግባኝ ማለት ትችላላችሁ፣ ታርቀናል ብላችሁ በአጥሪ ትናገራላችሁ፣ ከዛ መዝገቡ ክሊር ይሆናል።"

"እኔ ከባሌ ጋር መታረቄን ለማሽን አላስረዳም" አለች እናቴ።

"እኔም አልመሰክርም" አለ አባቴ። ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር ተስማሙ፣ አዳራሹም ስሙን አገኘ።

ውጭ ያለው ባጃጅ ያለ አጥሪ አላወቀንም፤ በእግር ሄድን። ደቻቱ ደርቋል፣ በአሸዋው ላይ ተሻገርን። ኒሙ የት ይተከል በሚለው ነገር እስከ ቤት ድረስ ተጨቃጨቁ፣ በሦስት ቋንቋ። እኔ ጫማዬን በእጄ ይዤ ከኋላ እሰማ ነበር፣ ከነቁስሉ ጆሮዬ።

ግንበኛው ማሽን በቀጠሮው መጣ። አባቴ አናስገባም አለው፤ ያለ አጥሪ ስላለው እንዳላለው ሆነ። ግቢውን ለሁለት ከፍሎ፣ ጉቶውን በአባቴ በኩል ትቶ፣ ከቁመት በላይ የሆነ ግንብ ሠርቶ ሄደ። ወጥ ቤቱ ለእናቴ ደረሰ፣ ማራገቢያዋ ያለበት ክፍል ደግሞ ለአባቴ። ኒካሁን ያሰሩት ሼክ ነገሩን ሲሰሙ ሳቁ። "እኔ ያሰርኩትን ጋቢ የለበሰ ብረት አይፈታውም" ብለው ሄዱ። በከተማው መዝገብ ወላጆቼ ዛሬም የተፋቱ ናቸው። ጎረቤቱ ግንቡን ተደግፎ ወሬ ያወራል፣ ከሰዓት በኋላ ጥሩ ጥላ አለው።

የኔ ጆሮ ድኗል። ለሐኪሙ አልነገርኩትም።

አባቴ በራሱ በኩል የኒም ችግኝ ተክሏል፣ አሁን ጉልበት ደርሷል። እናቴ ጠማማ ነው ትላለች፣ በኦሮምኛ። ጠዋት ጠዋት እሱ ሻዩን አፍልቶ ከግንቡ ወዲያ ይጣራል። እሷ በራሷ በር ወጥታ፣ በመንገዱ ዞራ፣ በእሱ በር ትገባለች።

ትናንት ስደርስ ሻሿን አስራ፣ ጫማዋን አድርጋ ግንቡ ሥር ቆማ ነበር። ከወዲያ የአባቴ ድምፅ መጣ።

"ሂቦ። ካሌ፣ ሻህ ዐብ።"

አልተንቀሳቀሰችም። እንደገና ተጣራ፣ ያቺ የመጨረሻዋ ቃል እንደገና ተሰበረችበት።

"ሆዮ፣ አልሰማሽውም እንዴ?" አልኳት።

"ሰምቼዋለሁ።"

"ታዲያ ለምን አትሄጂም? ሻዩ ይቀዘቅዛል።"

እጇን አንስታ ዝም አሰኘችኝ።

"ተይው ትንሽ ይጥራ" አለች። "ያን ሁሉ ጠዋት አምልጦኛል።"